ጥማዱን ለሁለት ወዳጆቹ ያካፈለው ገበሬ

አንድ ገበሬ ሁለት የልብ ወዳጆች ነበሩት። የገበሬው ስም ሽታሁን ነው፤ የወዳጆቹ ደግሞ ደመላሽና ቢያድግልኝ። ሦስቱም ያደጉት በአንድ ወንዝ ዳር ነው። አንዱ ሲያገባ ሁለቱ ሚዜ ሆነዋል፣ አንዱ ሐዘን ሲቀመጥ ሁለቱ አብረው ተቀምጠዋል። ሰው አንዱን ብቻውን ገበያ ላይ ካገኘው «ምነው፣ ሌሎቹ ደህና አይደሉም እንዴ?» ብሎ ይደነግጥ ነበር።

ከሦስቱ ሽታሁን ትንሽ ሻል ይላል፤ ጥማድ በሬ አለው። ጥማድ ማለት አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ሆነው ቀንበር የሚሸከሙ ሁለት በሬዎች ናቸው። ደመላሽና ቢያድግልኝ ግን ያላቸው አንድ አንድ በሬ ነው፤ በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ስለዚህ እንደ አገሩ ልማድ መቀናጆ ገብተዋል። መቀናጆን ለማታውቁት ልንገራችሁ፦ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን ያጣምዱና ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን መሬት ያርሳሉ። በዕለቱ ያረሰው ሰው ሁለቱንም በሬ አብልቶ ያሳድራል። ፊርማ የለው፣ ዳኛ የለው፤ የመቀናጆ ዋሱ መተማመን ነው። በሬዎቹም ይላመዳሉ። የደመላሽ በሬ ቀኝ፣ የቢያድግልኝ በሬ ግራ መሄድ ከጀመሩ ብዙ ክረምት አልፏል። ቀንበሩን ሲያዩ ማንም ሳይነዳቸው ሄደው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ።

ሽታሁን ደግና ለጋስ ሰው ነበር፤ አንድ ነገር ግን አይችልም፣ ኩርፊያ። ሁለት ሰዎች ተኮራርፈው ካየ እህል አይወርድለትም። «እኔ ልግባበት» ይላል፤ ሳይጠሩት ይገባል። ሚስቱ እንጉዳይ «የኔ ባል እኮ ዶሮዎች ቢጣሉ ሽማግሌ ይልካል» እያለች ትስቅበታለች።

አንድ የሰኔ ጠዋት ሽታሁን በቢያድግልኝ አጥር በኩል ሲያልፍ የሁለቱን ወዳጆቹን ድምፅ ሰማ። ደመላሽ በሬውን ሊወስድ መጥቶ ኖሯል። በሬው ጎኑ ተጣብቆ፣ የጎድን አጥንቱ ወጥቶ ቆሟል። ከፊቱ አንዲት ሰበዝ እንኳ የለችም።

«ቢያድግልኝ፣ በሬዬ ሳይበላ ነው ያደረው?»

«በልቷል።»

«ምን በላ? ጤዛ?»

ቢያድግልኝ ለአፍታ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ቀና ብሎ የማይባል ነገር ተናገረ። «ያንተ በሬ እንዳንተው ሆዳም ነው። ምን ይጠግባል?»

ደመላሽ በሬውን ፈታና እየጎተተ ሄደ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እነዚህ ሰዎች ከዚያ በፊት የባሰ ተባብለው ያውቃሉ። አንዴ በማሽላ ጥበቃ ተጣልተው ሦስት ቀን ሳይነጋገሩ ከርመው፣ በአራተኛው ቀን አንዱ «እስቲ ያን ጅራፍ አቀብለኝ» ሲል ሌላው አቀብሎት በዚያው አልቋል። ሽታሁን ያን ጠዋት ወደ እርሻው ዝም ብሎ ቢያልፍ ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተነገረ። ግን አላለፈም።

በቀጥታ ደመላሽ ቤት ሄደ። ደመላሽ በሬውን እያሻሸ ተቀምጧል።

«አየህልኝ አይደል ሽታሁን? ሲያርስበት ውሎ ጦሙን ያሳድርልኝ?»

«አየሁ እንጂ። ልክ ነህ፣ አይደረግም» አለ ሽታሁን፤ ሊያበርደው ብሎ ነው።

ከዚያ ወጥቶ ቢያድግልኝ ቤት ሄደ። ቢያድግልኝ ደግሞ ደጁ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል።

«በገዛ ደጄ፣ ልጆቼ እየሰሙ በሬ አስራቢ ሲያደርገኝ ዝም ልበል?»

«ልክ ነህ፣ እንደዚያ ሊልህ አይገባም ነበር» አለ ሽታሁን፤ አሁንም ሊያበርድ ብሎ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ በሬው ለምን ሳይበላ አደረ?» ሲል ጠየቀ።

የቢያድግልኝ ፊት ተለዋወጠ። «አንተ ደግሞ ልትመረምረኝ ነው የመጣኸው? ወይስ እሱ ላከህ?»

«ኧረ በጭራሽ! እኔ ለናንተው ብዬ ነው» አለና ሽታሁን በቶሎ ነገሩን አዞረው።

እንግዲህ በአንድ ቀን ለሁለት ባለጋራዎች «ልክ ነህ» ተባለ። ደመላሽ «ሽታሁን እንኳ መስክሮልኛል» አለ። ቢያድግልኝም «ሽታሁን እንኳ አዝኖልኛል» አለ። ሁለቱም ምስክር አገኙ፤ ምስክር ያገኘ ሰው ደግሞ ለመታረቅ አይቸኩልም።

ዝናቡ ጠንክሮ ጣለ፤ የእርሻው ሰዓት ደረሰ። ሁለቱ በሬዎች ግን አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ታስረው ይውላሉ። ሽታሁን ይህን ሲያይ «የነሱ ኩርፊያ ልጆቻቸውን ሊያስርብ ነው» አለና ያለውን ሁሉ ዘዴ አሰበ። መጨረሻ ላይ ከራሱ ጥማድ ጥቁሩን በሬ ፈቶ ለደመላሽ ወሰደለት። ጥቁሩ በግራ የሚሄድ ስለሆነ ከደመላሽ በሬ ጋር ልክ ገጠመ። «እስክትታረቁ ድረስ ነው» አለው።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ሌላ ሐሳብ ያዘው። ቢያድግልኝ ሲሰማ ምን ይላል? «ለእሱ አዳላ» አይልም? ስለዚህ ቀዩን በሬ ደግሞ ፈቶ ለቢያድግልኝ ሰጠው። ቀዩ በቀኝ የሚሄድ ነው፤ እሱም ልክ ገጠመ። ሽታሁን ባዶ ገመድ በትከሻው ጥሎ እያፏጨ ወደ ቤቱ ገባ። ለሁለቱም እኩል አድርጓል፤ ከዚህ በላይ ምን ወዳጅነት አለ?

እንጉዳይ ባዶውን ገመድ አይታ በሩ ላይ ቆመች።

«በሬዎቹስ?»

«አዋስኳቸው። ለጥቂት ቀን ነው።»

«ሁለቱንም?»

«አንዱን ለአንዱ፣ አንዱን ለአንዱ።»

«አይ ሽታሁን! ጥማድ እያለው በሬ ያጣ ገበሬ ካንተ በቀር አላየሁም።»

ጥቂት ቀን የተባለው ሳምንት ሆነ፣ ከዚያም ሰነበተ። ወዳጆቹ መሬታቸውን እንደ ልባቸው አረሱ፤ እርሻቸው አማረ። ያማረው ግን እርሻው ብቻ ነው። ድሮ «ነገ የማን ተራ ነው?» ለመባባል እንኳ ይገናኙ ነበር። አሁን ያም ቀረ። አንዱ ሌላውን የሚፈልግበት ጉዳይ ጠፋ። ደመላሽ ውሃ የሚቀዳበትን መንገድ ለወጠ። ቢያድግልኝ የልጁን ክርስትና ሲደግስ ደመላሽን ሳይጠራ ቀረ። ይህን በዚያች አገር ሰው ሰምቶ «እህ!» ነው ያለው፤ የሞተን ሰው ስም ሲሰማ እንደሚለው።

ይባስ ብሎ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ሽታሁን አዞሩ። መጀመሪያ የመጣው ደመላሽ ነው።

«ሽታሁን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በሬዬን እንዳስራበው እያወቅህ ያንተን በሬ እንዴት ሰጠኸው?»

«ለሁላችሁም ብዬ ነው እንጂ…»

«ከኔ ጋር ከሆንህ ውሰድበት። ካልሆንህ ደግሞ ቁርጡን ንገረኝ።»

ትንሽ ቆይቶ ቢያድግልኝ መጣ። እሱ አልተቀመጠም እንኳ። «እኔ ቤት መጥተህ ልክ ነህ፣ እሱ ቤት ሄደህ ልክ ነህ። በሁለት ቢላዋ ነው የምትበላው ማለት ነው?» ብሎ ጀርባውን ሰጥቶት ሄደ።

ሽታሁን እርሻው ዳር ሄዶ ቆመ። የሱ መሬት አንዴ ብቻ ታርሶ ሙጃ በልቶታል። ሐምሌ ገብቷል፤ ጤፍ ካልተዘራ ጊዜው ያልፋል፤ ጊዜው ካለፈ ደግሞ እንጉዳይና ልጆቹ ከርሞ የሚበሉት የለም። በሬዎቹ ከማዶ ከማዶ፣ የሰው መሬት ላይ፣ የሰው ጅራፍ እየሰሙ ይታያሉ። ሁለት ወዳጅ ነበረው፣ ሁለቱም አኩርፈውታል። ጥማድ ነበረው፣ አንድም በሬ የለውም።

በዚያ መንደር አያ ቸኮል የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ስማቸው ቸኮል ይሁን እንጂ በዕድሜያቸው ቸኩለው አያውቁም፤ ሰው ጠይቋቸው መልሱን ሲጠብቅ ዝናብ ይመጣበታል እየተባለ ይቀለዳል። ሽታሁን እሳቸው ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው አጥራቸው ሥር ተቀምጠው የቆዳ ጠፍር ያለፋሉ።

«አያ፣ ሽማግሌ ሰብስቡልኝ» አላቸው። «ደመላሽና ቢያድግልኝን አስታርቁልኝ።»

አያ ቸኮል ጠፍሩን አንዴ አገላብጠው አሹ። «የተጣሉት ማንና ማን ናቸው አልኸኝ?»

«ደመላሽና ቢያድግልኝ።»

«ከሁለቱ አንዱ ልኮሃል?»

«የለም።»

«ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ሽታሁን ደነገጠ። «ወዳጆቼ ናቸው እኮ፣ አያ! ዝም ብዬ ልያቸው?»

«ዱላ ተማዘዋል?»

«ኧረ የለም።»

«አንዱ በአንዱ ላይ እሳት ሊለቅ ነው?»

«ኧረ አያ! ኩርፊያ ነው።»

«ዱላ ቢማዘዙ ሮጠህ መሐል መግባት ነበረብህ፤ ያን ጊዜ ባትገባ እኔ ነኝ የምረግምህ። ኩርፊያ ግን እንደ ቁስል ነው፤ ካልነካኩት ራሱ ይሽራል። አንተ ምን አደረግህ? ጠዋት ማታ እየሄድህ ቅርፊቱን ፈቀፈቅህ። ይህ ሳያንስ ሁለቱ መተያየት ግድ የሚሆንባቸው አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፣ እርሻው። እሱንም ወሰድህባቸው።» ሽማግሌው ጠፍሩን አስቀመጡ። «አባቶቻችን ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ። አንተ፣ ልጄ፣ በሬ አዋስህ።»

ሽታሁን አንገቱን ደፋ። «አሁንስ ምን ላድርግ?»

«በሬዎችህን ወደ ቤትህ መልስ። ስለሌላው ሊነግርህ ለሚመጣ፣ ለራሱ ንገረው በል። ከዚያ እጅህን ሰብስብ።»

«ይጠሉኛል።»

«ይጥሉህ እንግዲህ» አሉ አያ ቸኮል። «ሰው ለመጥላትም ጊዜ ይፈልጋል። በክረምት ደግሞ ገበሬ ጊዜ የለውም።»

ሽታሁን በማግስቱ መጀመሪያ ደመላሽ ዘንድ ሄደ።

«ደመላሽ፣ በሬዬን ልወስድ ነው የመጣሁ። የኔም መሬት ጦሙን አደረ።»

ደመላሽ ከት ብሎ ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ ግን አይደለም። «ለሱ ልትደርብለት ነው?»

«ከሱም ልወስድ ነው።»

«ቆይ፣ ቆይ። አንተ ከማን ወገን ነህ?»

«ያንተ ወዳጅ ነኝ። የሱም ወዳጅ ነኝ። ጠባችሁ ውስጥ ግን ከዛሬ ጀምሮ የለሁበትም። የምትለው ካለህ ቤቱን ታውቀዋለህ።»

«ውሰድ!» አለ ደመላሽ ገመዱን እየወረወረ። «ውሰድና ሂድ!»

ከዚያ ወደ ቢያድግልኝ ሄደ፤ እሱ ደግሞ ቀዩን በሬ ፈቶ ሰጠውና ወደ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሽታሁን ጥማዱን እየነዳ ሲመለስ ወዳጆቹን ያጣ መሰለው። ዞሮ «ተዉት፣ ይሁን፣ ውሰዱት» ሊል ምንም አልቀረው። ግን አልዞረም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ከባድ ነበሩ። ሽታሁን ሙጃውን እየገለበጠ ያርሳል፤ ዐይኑ ግን ማዶ ነው። የደመላሽ መሬት የመጨረሻውን እርሻ እየጠበቀ ነው። የቢያድግልኝም እንዲሁ። ሁለቱ በሬዎች እንደገና እዚህና እዚያ ታስረው ይውላሉ። ደመና ይከመራል፣ ይዘንባል፣ ያባራል። እሱ ግን ወደ የትኛውም ቤት አልሄደም። መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ብቻ ደህና ዋላችሁ ብሏቸዋል፤ ደመላሽ በግማሽ አፉ መልሷል፣ ቢያድግልኝ አልመለሰም።

አንድ ጠዋት እንጉዳይ ቁርስ አምጥታ ካበላችው በኋላ ከጎኑ ቆማ ሳለ፣ ማዶ ላይ ቢያድግልኝ በሬውን እየሳበ ሲመጣ አዩ። መጣ፣ መጣና የደመላሽ አጥር ጋ ቆመ። ደመላሽ ወጣ። ከመሐላቸው አጥሩ አለ።

ሽታሁን የማረሻውን እርፍ ለቀቀው።

«ወዴት?» አለች እንጉዳይ።

«ልድረስ እንጂ! ሊጣሉ ነው!»

«ከዚህ የበለጠ እንዴት ይጣላሉ? አርፈህ ቁም።»

ቆመ። ንግግሩ አይሰማም፣ እጃቸው ብቻ ነው የሚታየው። ደመላሽ እጁን አወራጨ። ቢያድግልኝም አወራጨ። ደመላሽ አንድ ረጅም ነገር ተናገረ። ከዚያ ቢያድግልኝ አንገቱን ደፍቶ፣ ቀስ ብሎ፣ አጭር ነገር ተናገረ። ደመላሽ ባለበት ደርቆ ቀረ። ጥቂት ቆይቶ ፊቱን አዙሮ ወደ ጓሮው ሄደ።

«አለቀ» አለ ሽታሁን። «ትቶት ገባ። ብሄድ ኖሮ…»

«ዝም በል» አለች እንጉዳይ።

ደመላሽ ከጓሮ ተመልሶ ወጣ። ጀርባው ላይ ከራሱ የሚበልጥ የጭድ ሸክም ተሸክሟል፤ ከታች እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። በአጥሩ በር ወጥቶ በቢያድግልኝ ፊት አለፈና ወደ ቢያድግልኝ ቤት አቅጣጫ መራ። ቢያድግልኝ የሁለቱንም በሬ እየሳበ ከኋላው ተከተለ።

ሽታሁን ያን ጊዜ ገባው። ቢያድግልኝ ጭድ አልቆበት ኖሯል። ሰኔ ላይ ያምናው ጭድ ያልቃል፣ አዲሱ ሣር ገና አልደረሰም፤ ያን ለት በሬው ጦሙን ያደረው በክፋት ሳይሆን በእጦት ነው። የቢያድግልኝ የራሱ በሬም አልበላም ነበር፤ ይህን ግን ያስተዋለለት ሰው የለም። «አጣሁ» ማለት አፍሮ «ሆዳም» አለ። ይህን እውነት ጥማድ በሬና ሙሉ የጭድ ክምር ላለው ለሽታሁን ቢሞት አይነግርም። ሽታሁን በሚያደርሰው መልእክትም አይልከውም። እንደሱ ባለ አንድ በሬ ለሆነው፣ ለተጣላው ሰው ለራሱ፣ ፊት ለፊት፣ ማንም ሳይሰማ ብቻ ነው የሚናገረው። ሽታሁን ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ መሐላቸው ቆሞ ነበር።

ፀሐይ ከአናት ሳትደርስ ሁለቱ በሬዎች በቢያድግልኝ መሬት ላይ በአንድ ቀንበር ሥር ገቡ። የደመላሹ ቀኝ፣ የቢያድግልኙ ግራ። ያልተቀያየሙት እነሱ ብቻ ናቸው መሰል፣ ቦታ ቦታቸውን ማንም አላሳያቸውም።

ሽታሁን ሮጦ ሄዶ ሁለቱንም ሊያቅፋቸው ፈለገ። «እኔ እኮ ብዬ ነበር» ሊልም ፈለገ። የጭዱን ነገርም እንዳወቀ ሊነግራቸው አማረው። ነገር ግን እርፉን መልሶ ጨበጠና በሬዎቹን «ና! ሂድ!» ብሎ ትልሙን ቀጠለ። እንጉዳይ አይታው ፈገግ አለችና ባዶውን አገልግል አንሥታ ወደ ቤቷ ሄደች።

የዚያ ዓመት የሽታሁን ጤፍ ዘግይቶ ተዘራ፤ አዝመራውም እንደ ሌላ ጊዜ አልሆነም። ያጠፋ ሰው ትንሽ መክፈሉ አይቀርም። ነሐሴ ላይ ግን ለአረም ደቦ ሲጠራ ከሁሉ ቀድመው የመጡት ደመላሽና ቢያድግልኝ ናቸው። ጎን ለጎን አጎንብሰው ሲያርሙ ዋሉ። ደመላሽ ወገቡን ሊያሳርፍ ቀና ሲል፦

«አንተ ሽታሁን፣ ምን አጣልቷችሁ ነበር፣ እንዴትስ ታረቃችሁ ብለህ አትጠይቀንም እንዴ?»

«አልጠይቅም።»

«እውነት? አንተ? ሽታሁን?»

«እሱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።»

ቢያድግልኝ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽታሁንን ዐይን ለዐይን አየው። «ጎሽ» አለና ወደ ሽታሁን ትልም ተሻግሮ ከጎኑ ማረም ጀመረ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህን ነው። ሁለት ወዳጆቻችን ሲኮራረፉ እኛ ፍቅር እየመሰለን የምናደርገው ነገር አንዳንዴ ጠቡን ይቀልበዋል። ለዚህም «ልክ ነህ»፣ ለዚያም «ልክ ነህ» ስንል ለሁለቱም መታገያ እንሰጣለን። ቃል ስናመላልስ ደግሞ ሰው ፊት ለፊት ብቻ የሚናገረውን እውነት መንገድ እንዘጋበታለን። ዱላ ከተነሣ መገላገል ግዴታ ነው፤ ሁለቱ ራሳቸው «ና ዳኘን» ካሉም መሄድ ደግ ነው። ከዚያ ውጭ ግን ለሁለቱም በራችንን ከፍተን፣ አፋችንን ዘግተን መቆየት ከባድ የሆነ የወዳጅነት ዓይነት ነው። ብዙ ጊዜ ሰዎች ከኛ ይልቅ መታረቂያቸውን ያውቁታል።

እናንተስ? ዛሬ የተኮራረፉ ሁለት ወዳጆች ካሏችሁ፣ ሁለቱንም እየወደዳችሁ መሐላቸው ሳትገቡ መቆየት ትችላላችሁ?